ዘጠነኛው መስመር

ዝሆኔ፣ መነጽር የምንለውን ልጅ በሸሚዙ ኮሌታ ጨምድዶ ከማተሚያው መኪና ጋር ሲያላትመው እኔ የአዲሱን አዋጅ ርዕስ እየለቀምኩ ነበር። በድንጋጤ እጄ ላይ የነበረው የእርሳስ ፊደል ሁሉ መሬት ላይ ተዘረገፈ። የግማሽ ሰዓት ሥራ እኮ ነው።

«ድገመው» አለ ዝሆኔ። «እስቲ አንዴ ድገመው።»

«እደግመዋለሁ። ወንድምህ የሚዋጋው ላንተ አይደለም፣ ለእናትህም አይደለም። ለሚኒስትሮቹ ነው። የአንዳቸው ልጅ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አለ? የአንዳቸውን ጥራልኝ።»

ዝሆኔ ግንባሩን አፍንጫው ላይ አሳረፈበት። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ ደሙ በአገጩ ወርዶ ሸራ ሽርጡ ላይ ተንጠባጠበ። መነጽሩ በርሮ ከቀለሙ ቆርቆሮ ሥር ገባ።

ሦስታችን አንድ ክፍል ነው የተማርነው። አምና ጨርሰን ሦስታችንም አጎቴ ማተሚያ ቤት ገባን፤ እኔና መነጽር የሚታተመውን ጽሑፍ ከእርሳስ ፊደል የምንደረድር ፊደል ለቃሚ ሆንን፣ ዝሆኔ ደግሞ ክንዱ የሰው ጭን ስለሚያክል መኪናው ላይ ቆመ። የብረቱን እጀታ ሲስበው ግድግዳው ይነቃነቃል። እኔን ጡሩምባ ይሉኛል። ለምን እንደሆነ ሳትጠይቁኝ ይገባችኋል።

ጠቡን ያመጣው ጋዜጣው ነው። መነጽር ጠዋት ጠዋት የመንግሥትን ጋዜጣ ቆሞ በሚኒስትር ድምፅ ማንበብ ይወዳል፤ ሆዱን ወደፊት ገፍቶ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እያኘከ። «ጀግናው ሠራዊታችን ባደረሰው ከባድ ምት ጠላት በመሸሽ ላይ ይገኛል» አለ። ከዚያ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ፣ «አምስት ወር ሙሉ ሲሸሽ ነው የከረመው። መድፉ ግን በየሳምንቱ ይበልጥ ይሰማናል። የሚሸሸው ወደ እኛ ነው እንዴ?»

እኔ ሳቅሁ። ዝሆኔ አልሳቀም።

«የድንበሩን ከተማ ሲያቃጥሉት የት ነበርክ አንተ?» አለው። «ሰው ቤቱ እንዳለ በር ቆልፈው ነው ያነደዱት። ታዲያ ምን እናድርግ፣ ደብዳቤ እንጻፍላቸው?»

«እሱን አልካድኩም።»

«ትክዳለህ እንጂ። በቀን በቀን ነው የምትክደው። ሰው እዚያ ጭቃ ውስጥ ተኝቶ አንተ እዚህ ሙቀት ውስጥ ቆመህ ትቀልዳለህ።»

እንዲህ እያለ ነው እስከ ግንባሩ የደረሰው። በየቀኑ እንጨቃጨቃለን፤ ደም ሲፈስ ግን የመጀመሪያው ነበር። የኔ ችግር ከሁለቱም ጋር መስማማቴ ነው። ዝሆኔ ሲናገር ልክ ነው እላለሁ፣ መነጽር ሲመልስለት እሱም ልክ ይሆንብኛል። ይሄን ብናገር ሁለቱም ይጮሁብኛል።

አጎቴ ከጓዳው የፊደል ማጠቢያውን ባልዲ ይዞ ወጣና ውኃውን እንደሚናከሱ ውሾች ደፋባቸው። ተለያዩ።

«መንግሥት የሚገለበጠው ሌላ ቦታ ነው» አለ። «እዚህ መኪና አለ። መኪናዬን ብትሰብሩ ሁለታችሁንም አቅልጬ ፊደል ነው የማደርጋችሁ። አንተ ዝሆን፣ ጋሪውን ይዘህ ውጣ። አራቱን የአዋጅ ጥቅል ጦር ሰፈር አድርስና ንፋስ ሲመታህ ተመለስ።»

ዝሆኔ ኮቱን አነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ አየኝ። «አንቺም ስቀሻል» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ለዚያ ነው አንጀቴን የበላው። ወዲያው የጋሪው ጎማ ድንጋዩ ላይ ሲንኳኳ ተሰማ።

አሁን የደበቅኩትን ልንገራችሁ።

ማክሰኞ ዕለት መነጽር አንድ ወረቀት አመጣ። ቴሌግራፍ ቤት የሚሠራ የአክስቱ ልጅ ነው የገለበጠለት። የሦስተኛው ክፍለ ጦር የሟቾች ዝርዝር ነው፣ ያንድ ቀን ብቻ፣ ሰማንያ አራት ሰው። እነሱ በሞቱበት ቀን ጋዜጣው ያለው «ሁለት ወታደሮች ቀላል ጉዳት ደርሶባቸዋል» ነበር። መንግሥት ጦርነቱ እስኪያልቅ ሟች የለም ብሎ አውጇል። ስማቸው አይነገርም፣ እናቶቻቸው ጥቁር አይለብሱም፣ ስም ጽፎ የተገኘ ይሰቀላል። የምር ነው። ባለፈው ወር የመንገዳችን ዳቦ ጋጋሪ የሁለት ልጆቹን ስም ሱቁ በር ላይ በኖራ ጻፈ። እዚያው በሩ ላይ ሰቀሉትና ሚስቱ ሱቁን እንዳትዘጋ አዘዙ። ሦስት ቀን ዳቦ የምንገዛው በእግሩ ሥር ጎንበስ ብለን እየገባን ነበር።

እኔ ዝርዝሩን ለቀምኩት። አጎቴ ምሳ ሄዶ፣ ዝሆኔ ወረቀት ሊያመጣ ወጥቶ ሳለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ዘጠነኛው መስመር ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። የዝሆኔ ወንድም ነው። ስሙ፣ ያባታቸው ስም፣ የሻለቃው ቁጥር። ከሞተ ሁለት ወር አልፎታል።

መነጽርን አየሁት። እሱም ያውቃል።

«ካወቀ በነጋታው ይዘምታል» አለኝ። «ለበቀል ብሎ። ሕጉ ከመበለት ቤት አንድ ልጅ ብቻ ነው የሚወሰደው ስለሚል ነው የቀረው እንጂ ድሮም ልቡ እዚያ ነው። ትንሽ ይቆይ።»

ስለዚህ ረቡዕ ዝም አልኩ፣ ሐሙስም ዝም አልኩ። እሱ «ወንድሜ ሲመጣ እንዲህ ብዬ እነግረዋለሁ» ሲል እየሰማሁ ጥፍሬን እበላለሁ። አርብ፣ ማለትም ዛሬ ማለዳ፣ ማንም ሳይመጣ መነጽር ራሱ መኪናውን ይዞ ሁለት መቶ ቅጂ አተመ። እጁ መኪና ስለማያውቅ ሦስቱ ጠምመው ወጡበት። ዝሆኔ ቢሆን አንድም አይበላሽበትም ነበር። ሁለት መቶውን መነጽር እስኪበትነው ድረስ ይዞ ሄዶ ደበቀ፣ ሦስቱን ብላሽ አቃጥዪ ብሎ ለኔ ሰጠኝ።

አላቃጠልኩም። አውቄ አይደለም። እኛ ቤት ብላሽ ወረቀት የሚሄድበት ቦታ አንድ ነው፣ ከጠረጴዛው ሥር። አንድ ዓመት ሙሉ እዚያ ስወረውር እጄ ለምዷል። እግረ መንገዴን ወረወርኩትና ክብሪት ልፈልግ ስል ሌላ ነገር ጠራኝ።

አጎቴ ደግሞ ጥቅል የሚጠቀልለው በዚያ ብላሽ ነው። የታተመበትን ፊት ወደ ውስጥ፣ ነጩን ወደ ውጭ። «ያንዱን ደንበኛ ሥራ ሌላው ደንበኛ አያይም» ይላል፤ እሱም ራሱ አያይም፣ በመዳፉ ዳብሶ ነው የሚያጥፈው። ሞያ ነው ለሱ።

ዝሆኔ ጋሪውን ይዞ ከወጣ በኋላ ሦስቱ ወረቀት ትዝ አለኝና ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ስል ባዶ ነው።

«አጎቴ፣ እዚህ የነበረው ብላሽስ?»

«የጦር ሰፈሩን ጥቅል ጠቀለልኩበት። ምነው?»

 መነጽርን አየሁት፤ አፍንጫውን በጨርቅ ይዞ ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ፊቱ ከጨርቁ ይበልጥ ነጣ። ሊነሳ ሲል «ተቀመጥ፣ አንተን ሲያይ ነው የሚብሰው» አልኩትና ለአጎቴ «መጣሁ» ብዬ እግሬ አውጪኝ አልኩ።

ዝሆኔ ጋሪ ሲገፋ ቀስ ብሎ ነው፤ ባቡር ጣቢያው ጋ የምደርስበት መስሎኝ ነበር። ጣቢያው ግን ዛሬ ሌላ ነው። የቁስለኛ ባቡር ገብቷል። ሴቶቹ ከየሰፈሩ ወጥተው መንገዱን ሞልተውታል። የሚጮህ የለም። አጥሩን በእጃቸው ይዘው የሚወርደውን ቃሬዛ ሁሉ «ሦስተኛ ክፍለ ጦር ነህ? አምስተኛ ነህ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ቃሬዛው ላይ ያለው አንዳንዱ ይመልሳል፣ አንዳንዱ አፍ የለውም። የምር አፍ የለውም፣ ከአፍንጫው በታች ጨርቅ ነው።

የዝሆኔን ጋሪ መሀል ላይ አየሁት። ከፊቱ አንዲት ሴትዮ ጥቁር ለብሳ ቆማለች። ከላይ እስከ ታች ጥቁር፣ በጠራራ ፀሐይ።

አንድ ፈረሰኛ መጥቶ «አውልቂ» አላት።

«ልጄ ሞቷል» አለችው። መንገድ ለጠየቃት ሰው እንደምትመልስ፣ በተረጋጋ ድምፅ።

«ሟች የለም። አውልቂ።»

አላወለቀችም። ከኮርቻው ጎንበስ ብሎ በሳንጃው ከአንገቷ ጀምሮ ቀሚሷን ቀደደው። ጨርቁን ብቻ ሊቀድ ነው ያሰበው መሰለኝ፣ ፈረሱ ግን ተንቀሳቀሰ። ሳንጃው ከአንገቷ እስከ ጡቷ ድረስ ሰነጠቃት። ሴትዮዋ ወደ ታች አየች፣ ቁልፏ የተፈታባት ይመስል በሁለት እጇ ልትገጥመው ሞከረች፣ ከዚያ የዝሆኔ ጋሪ ላይ ተደገፈች።

ያኔ ነው ጸጥታው የፈረሰው። አንዷ ድንጋይ ወረወረች። ከዚያ ሁሉም። ፈረሰኛው ድንጋዩ ጆሮው ላይ ሲያርፍበት ወደቀና ሴቶቹ በላዩ ሄዱበት፤ ሲነሱ የሚነሳ ነገር አልነበረውም። ከጣቢያው የወጡት ወታደሮች በሰደፍ መውቀጥ ጀመሩ። ያገኙትን ነው፣ ጭንቅላት ይሁን ክንድ ይሁን። አጠገቤ የነበረች አሮጊት ጥርሷን በመዳፏ ተቀብላ ስታየው አይቻለሁ።

ዝሆኔ ምን ያደርጋል መሰላችሁ? ኮቱን አውልቆ ጥቅሎቹን ሸፍኖ በላያቸው ተኝቷል። ደም እንዳይነካቸው። ክብ ማህተም ያለበት የመንግሥት አዋጅ ነው ብሎ ጀርባውን ለሰደፍ ሰጥቷል።

በሰው እግር መሀል ተሹለክልኬ ደረስኩበትና እጅጌውን ያዝኩ። ልናገር አፌን ስከፍት ትከሻዬ ላይ አንድ ነገር ወረደ። ሰደፍ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያኔ ክንዴ ተገንጥሎ የሄደ ነው የመሰለኝ። ዝሆኔ ባንድ እጁ ከመሬት አንስቶ ጥቅሎቹ ላይ ወረወረኝና ጋሪውን ይዞ ሮጠ። እንደዚያ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። ሰው እየገፋ፣ የወደቀ እየዘለለ፣ የጎማው ብረት አንዴ ለስላሳ ነገር ላይ ወጥቶ ወረደ። ምን እንደሆነ አላየሁም። ማየት አልፈለግኩም።

የጦር ሰፈሩ መንገድ ላይ ስንወጣ ነው የቆመው። እኔ ጥቅሎቹ ላይ ተቀምጫለሁ። ያን ሁሉ መንገድ የሮጥኩለት ነገር ከመቀመጫዬ ሥር ነው።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ አንቺ ጡሩምባ?» አለኝ እያለከለከ።

«ዝሆኔ፣ እንመለስ። ጥቅሉ ደም ነክቶታል፣ ወረቀቱን ልቀይረው።»

«ጠርዙን ነው የነካው። ውስጡ ደህና ነው።»

«አጎቴ እኮ ይቆጣል።»

«አጎትሽ ንፋስ ይምታህ ነው ያለኝ።» ከዚያ ወደመጣንበት ዞር ብሎ አየና፣ «አየሻት ሴትዮዋን?» አለኝ።

«አየኋት።»

«ሕግ ነው ግን። ጥቁር መልበስ የለባትም ነበር።» ማንን እንደሚያሳምን አላውቅም፣ ዓይኑ መሬት ላይ ነው። «እያንዳንዱ ሰው ጥቁር ለብሶ ቢወጣ እዚያ ያሉት ልጆች ምን ይላሉ? በቁማችን ቀበሩን አይሉም?»

«በሳንጃ ነው እኮ የሰነጠቃት።»

«እሱን ልክ ነው አላልኩም።» ላቡን ጠረገ። «መነጽርስ? አፍንጫው?»

«ተሰብሯል።»

«ይበለው» አለ፣ ግን ፈገግ ሊል ምንም አልቀረውም። «ማታ ሄጄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ወንድሜ ሲመጣ ደግሞ እሱ ያፋርደናል። ሁለታችንንም በጥፊ ነው የሚያፋርደን።»

ያኔ ነበር መንገር የነበረብኝ። ከሱና ከእኔ በስተቀር ማንም አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ሳወራ የምውል ሰው ነኝ፣ ስለ ድመት ጅራት ግማሽ ሰዓት ማውራት እችላለሁ፣ ይቺን አንዲት ነገር ግን ምላሴ አልሸከም አለች። አፌን ከፍቼ «ዝሆኔ» አልኩ። «ምን?» አለ። «ትከሻዬን አመመኝ» አልኩት። እሱም ቀስ ብሎ መግፋት ጀመረ፣ እንዳያመኝ ብሎ። መታጠፊያውን ስንዞር በሩ ላይ ያለው ዘብ አይቶን በእጁ ጠራን። ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም።

በሩን የሚጠብቀው አንድ ያረጀ አሥር አለቃ ነው። ከሱ ጋር ሁለት ወታደር፣ ከኋላቸው የብረት በር። አሥር አለቃው ጥቅሎቹን አውርዱ አለና ሲባጎውን በሳንጃው በጠሰው። የሁለቱ ጥቅል መጠቅለያ ተራ ብላሽ ነው። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ መጠቅለያው ተገልጦ ሦስቱም ጠማማ ወረቀቶች እግሩ ሥር ወደቁ፣ ፊታቸው ወደ ላይ።

አንዱን አነሳ፣ በጣቱ አሸት አደረገው፣ ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

«ስስ ነው፣ ለትንባሆ ይሆናል» አለ። ከዚያ ተጠራጠረ። «የመንግሥት ጽሑፍ ነው? ባለፈው በመንግሥት ወረቀት አጨስክ ብለው ሃያ ገርፈውኛል። እኔ ደግሞ ማንበብ አላውቅም። አንቺ ልጅ፣ ምንድን ነው የሚለው?»

ወረቀቱን ሰጠኝ። 

«የሳሙና ማስታወቂያ ነው፣ አሥር አለቃ» አልኩት። «እዚህ ላይ ‹ባለ ሁለት ቁራጭ፣ ለልብስም ለገላም የሚሆን› ይላል። ይሄ ሁሉ ደግሞ የሱቆቹ ዝርዝር ነው።» ጣቴን በስሞቹ ላይ ወደ ታች አወረድኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሰማንያ አራት ሬሳ ሱቅ አደረግኳቸው።

«ሳሙና ከሆነ ይጨሳል» አለ። ወስዶ በቀጭኑ ቀደደው፣ አንዱን ቁራጭ ትንባሆ ሞልቶ ጠቀለለና በምላሱ አረጠበው። ትልቁን ክፋይ ጋሪው ላይ ጣለው።

ዝሆኔ አራተኛውን ጥቅል ሊያወርድ ጎንበስ አለ። እኔ ቁራጩን ልስብ እጄን ስሰድ የተመታው ክንዴ አልታዘዘኝም። እሱ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። ዝሆኔ ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ከትምህርት ቤት ጀምሮ።

ቀና ሲል የማላውቀው ሰው ነው።

«ያንቺ እጅ ነው» አለኝ በሹክሹክታ። «ከነጥብ በኋላ ሁለት ክፍተት የምታስገቢው አንቺ ነሽ። መቼ ነው የለቀምሽው?»

«ዝሆኔ…»

«መቼ?»

«ማክሰኞ።»

 በጣቱ ቆጠረ። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ አርብ። ሦስት ጣት። ሲሳደብ፣ ሲማታ፣ ጀርባውን ለሰደፍ ሲሰጥ የዋለበትን ቀን ሁሉ የቆጠረ መሰለኝ። ቢመታኝ በወደድኩ።

በዚህ መሀል ሻምበሉ ከበሩ ወጣ። ጫማው ያበራል፣ ጓንቱን በእጁ ይዟል፣ ከምሳ እንደተነሳ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል። አሥር አለቃውና ወታደሮቹ ቀጥ አሉ። ዝሆኔም ኮፍያውን አወለቀ።

«ጌታዬ ሻምበል፣ አንድ ነገር ልጠይቅ ይፈቀድልኝ።»

«ጠይቅ።»

«ወንድሜ ሦስተኛ ክፍለ ጦር ነው፣ ሁለተኛ ሻለቃ። ደህና መሆኑን እንዲነግሩኝ ነው።»

ሻምበሉ ከላይ እስከ ታች አየው፤ የአህያ ዋጋ እንደሚገምት ሰው። «ሁለተኛ ሻለቃ? ደህና ነው እንጂ። ባለፈው ሳምንት እዚያው ነበርኩ። ጢማቸውን አሳድገው ካርታ ይጫወታሉ።»

«ወንድሜን አይተውታል?»

ስሙን ነገረው። ሻምበሉ ትንሽ እንኳን አላሰበም።

«አይቼዋለሁ። ጀግና ነው። ለእናቴ ሰላም በልልኝ ብሎኛል።» ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «እንዲያውም አንተም የሱን ያህል ቁመና አለህ፣ እዚህ ጋሪ ትገፋለህ።»

ዝሆኔ ኮፍያውን ጋሪው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ቁራጩን ወረቀት አነሳና ለሻምበሉ ዘረጋለት። «ያንብቡት» አለው። ሻምበሉ ተቀበለና አየው። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት፣ እጁ ወደ ሽጉጡ ማህደር ሲሄድም አየሁት። አልደረሰም። ዝሆኔ ያንን እጅ ይዞ ወደ ኋላ አጠፈው። መኪናውን ሲስብ እንደሚያደርገው ነው፣ ወገቡን ሰብቆ፣ ባንድ ጊዜ። አጥንቱ እጅጌውን ቀድዶ ወጣ። ሻምበሉ ሊጮህ አፉን ሲከፍት ወረቀቱን ጨምቆ ጉሮሮው ድረስ ሰደደለት።

«ብላቸው» አለው። «አንድም እንዳይቀር።»

ድንጋዩ ላይ ጥሎት ጉልበቱን ደረቱ ላይ አድርጎ የቀሩትንም ወረቀቶች ከመሬት እየለቀመ ከተተለት። ሻምበሉ ዓይኑ ፈጥጦ በእግሩ መሬቱን ይጭራል። አንደኛው ወታደር በሳንጃ የዝሆኔን ጭን ወጋው። ዞሮም አላየው። ሁለተኛው በሰደፍ ጭንቅላቱን መታው፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስተኛው ላይ የሰደፉ እንጨት ተሰነጠቀ። ደሙ ዓይኑን ሞልቶታል።

ያኔ ነው የጮኸው፣ ለኔ ሳይሆን ለነሱ። «እኔ ነኝ ያተምኩት። ብቻዬን ነኝ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤትም አያውቅም፣ ይቺም አታውቅም። እኔ ነኝ መኪናው ላይ የምቆመው።»

የመጀመሪያው ወታደር ጠመንጃውን ወደ ኋላ ስቦ፣ አቀባብሎ፣ ጆሮው ሥር አስጠግቶ ተኮሰ።

ድምፁ ከጠበቅኩት ያነሰ ነው። ዝሆኔ ሻምበሉ ላይ እንደ ጆንያ ተደፋ። ሁለት ሆነው ሲጎትቱት አልተነሳላቸውም፣ ከባድ ነው እኮ። ከሥሩ ያወጡት ሻምበል ፊቱ ጠቁሯል። ጣታቸውን አፉ ውስጥ ከትተው የረጠበ ወረቀት ቢያወጡም መተንፈሱን አላየሁም። በሩ ተከፈተ፣ ሰው እየሮጠ መጣ፣ ፊሽካ ተነፋ።

አሥር አለቃው አጠገቤ ቆሟል። የጠቀለላት ሲጋራ ሳትለኮስ ከንፈሩ ላይ ተጣብቃለች። እኔን አየ፣ መሬቱን አየ። ሳሙና ያልኩት ትዝ አለው፣ ከፊቱ ይነበባል። አንድ ቃል ቢተነፍስ አበቃሁ። ግን ሦስቱን ወረቀት ፈትሾ ያሳለፈው እሱ ነው፣ ቀዶ የጠቀለለውም እሱ ነው። ሲጋራዋን ከከንፈሩ ላጠና አፉ ውስጥ ከትቶ ከነትንባሆው አኝኮ ዋጣት።

«ጋሪሽን ይዘሽ ጥፊ» አለኝ ጥርሱን ሳይከፍት። «መንገድ ዘግተሻል።»

አራተኛውን ጥቅል መሬት ላይ ጣልኩና ጋሪውን ባንድ እጄ ገፋሁት። ባዶ ጋሪ እንደዚያ ይከብዳል ብሎ የነገረኝ የለም። ማተሚያ ቤት መሄድ ነበረብኝ፣ መነጽርና አጎቴ ነፍሳቸውን ይዘው እንደሚጠብቁኝ አውቃለሁ። እግሬ ግን ሌላ ቦታ ወሰደኝ፣ ወደ ዝሆኔ እናት ቤት። ለሌላ ሰው አውርቼ ሳልጨርስ ለሷ ልንገራት ብዬ። ከዘጠነኛው መስመር ጀምሬ፣ ምንም ሳልደብቅ። መንገዱን ሙሉ የምላትን ደረደርኩ።

ሳንኳኳ ከፈተችልኝ። ልብስ እያጠበች ነበር፣ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ነው።

«እማማ» አልኳት፣ «ስለ ትልቁ ልጅሽ የምነግርሽ አለ። ማክሰኞ ነበር መንገር የነበረብኝ።»

ጣቷን ከንፈሬ ላይ አደረገችው፣ አረፋው አፌ ውስጥ ገባ። መንገዱን ግራና ቀኝ አየች።

«ቀስ በዪ» አለችኝ። «እሱን አውቄዋለሁ። ወር ሆነኝ። እግሩ የተቆረጠ ጓደኛው መጥቶ ነገረኝ። ይሄኛው ሰምቶ እንዳይሄድብኝ ብዬ ነው አፌን የያዝኩት። ሌሊት ትራሱን ነክሼ አለቅሳለሁ፣ ጠዋት እየሳቅሁ ቁርስ እሰጠዋለሁ። አደራ፣ ልጄ፣ አንቺም ደብቂልኝ። አፍሽን አውቀዋለሁና ነው።»

 ከትከሻዬ ባሻገር አየች። ጋሪውን አየችው፣ መደቡ ላይ የቀረውን ኮፍያ አየችው፣ እጀታው ላይ የደረቀውን ደም አየችው። እጇን በሽርጧ ቀስ አድርጋ መጥረግ ጀመረች፣ አንድ በአንድ፣ ጣቷን ሁሉ።

«ይሄን ጋሪ የሚገፋው እሱ ነው» አለችኝ። «አንቺ ለምን ገፋሽው?»